በደጃዝማቹ ግቢ ያገኘሁት የእናቴ ድሪ

ይድረስ ለባለቤቴ ለደምሴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ እንዳልልህ አንተ ዘንድ በሽታ የለም። ከተለየኸኝ አሥር ወር ሞላህ። ላሚቱ ወልዳለች፣ የጓሮው ጽድ በንፋስ ወድቋል፣ እኔም ጥቁሬን አላወለቅሁም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን በንዴት ነው።

እዚህ ሰበታ የደጃዝማቹ አሮጌ ግቢ ሙዚየም ከሆነ ጀምሮ እሑድ እሑድ ያለ ደመወዝ እንግዳ ታስጎበኝ ነበር። እኔም ልምጣ ስልህ፣ አቧራ ልታዪ ነው እያልክ ታስቀረኛለህ። ከሞትክ በኋላ ሰው ጠፋና በቅርቡ ቦታህን ያዝኩልህ። ነፍስህ ደስ ይላታል ብዬ እኮ ነው! ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ተማሪዎች የደጃዝማቹን መደብ፣ ጋሻቸውን፣ የበቅሏቸውን ኮርቻ አሳያለሁ።

ባለፈው እሑድ የመስተዋቱን ሣጥን ስወለውል የእናቴን የብር ድሪ አየሁት። ቢበጠስባት በቀይ ክር ያሰረችው እንኳ አልተፈታም። ከሥሩ በአንተ እጅ ጽሕፈት፣ «ከወይዘሮ አስካለ የተበረከተ» ይላል። ያንተ እናት! የድሮ ዕቃ ያመጣ ስሙ ይጻፍለታል ቢባል፣ የእናትህ ስም ትልቅ ቤት እንዲገባ ብለህ የእኔን እናት አራቆትካት።

ይህንንስ ይቅር ልበልህ። ጫልቱን ምን ላድርጋት? ድሪው ሲጠፋ፣ ከእሷ በቀር ቤቴ የሚገባ ጎረቤት የለም ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰፈርተኛው ፊት፣ ወስጄ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ ብላ ስትምል አጠገቤ ቆመሃል። ጋቢህን አስተካከልክ እንጂ ትንፍሽ አላልክም። ምላም ያመናት አልነበረም። የልጅነት ጓደኛዬ ሰላምታ የሚሰጣት ብታጣ ጓዟን ጠቅልላ ሆለታ ገባች።

ትናንት ሆለታ ድረስ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ።

«ካኢ፣ ተነሺ» አለችኝ። «አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ። ያን ቀን የቆመው ሰው ሁሉ ግን ሌባ እንዳለኝ ነው።»

ሙት ዓመትህ ሁለት ወር ቀረው። ጠላው ይጠመቃል፣ ቄሶቹ ይጠራሉ፣ ያ ሰፈርተኛ አንድም አይቀርም። ጫልቱን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ድሪውን ከሙዚየሙ አስመልሼ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ያደረግኸውን አንድ በአንድ እናገራለሁ። እንደምወድህ ታውቃለህ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

አልረሳህም፣ ደምሴ። ለስም ብለህ ነበር ያደረግኸው፤ ስምህን ያን ቀን ሁሉም ፊት እጠራልሃለሁ።

ባለቤትህ ዘነበች