ብረታቸውን ሊወስዱ መጡ

ለወንድሜ ለሰይፈዲን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው ወይ? ያ ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሃምዱሊላህ አለን፤ ይሄም መኖር ከተባለ።

ወንድማችንን ጀብሪልን ማሽላ ሲጠብቅ ከሰማይ የወረደ ብረት ከገደለው ይኸው ዓመት አለፈው። ያኔ ወልድያ ያለው ጠበቃ ካሳሁን ያለንን በስልክ ነግሬህ ነበር። ከጠፈር ወድቆ ሰው ለገደለ ዕቃ ያመጠቀው አገር ይከፍላል፣ አጥፍቷል አላጠፋም እንኳ አይባልም፤ ግን ያን አገር የሚጠይቅልን መንግሥታችን ስለሆነ ዓመት ሳይሞላ አመልክቱ ነበር ያለን።

አንተ ምን አልክ? የሟች ወገን ሆነን የሰው ደጅ አንጠናም፣ የገዳይ ወገን ነው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ይዞ የሚመጣው፤ ማመልከቻ ካስገባችሁ የወንድሜን ደም ሸጣችሁ አልክ። አባዬም ልጄ እውነቱን ነው፣ ይመጣሉ ብለው ቁጭ አሉ። እኔና ሚስቱ ሉባባ እግራቸው ላይ ወድቀን ብንለምን ማን ሰምቶን! ሰው አገር ተቀምጦ ስለ ክብር ማውራት እንዴት ይቀላል፣ አንተዬ!

ባለፈው ሳምንት መጡልህ። ሁለት ፈረንጆች ከነአስተርጓሚያቸው። አባዬ መኪናውን ሲያዩ አለቀሱ። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ሽማግሌዎቹን አስጠሩ፣ ምንጣፍ አስነጠፉ፣ ለደም ማድረቂያው ብለው ያቆዩትን ወይፈን አስወጡ። ፈረንጆቹ ግን አልተቀመጡም። ግቢያችን ያስቀመጥነውን ብረት ነው የጠየቁት። የአገራቸው ንብረት ስለሆነ በሕግ ይመለስልናል አሉ። ሉባባ የባሌስ ደም ብላ ጮኸች። አስተርጓሚው ጠይቆ መለሰላት፤ ከመንግሥታችሁ ጥያቄ አልደረሰንም፣ አሁን ጊዜው አልፏል፣ በጣም እናዝናለን ብለዋል አላት።

ብረቱ ከብዷቸው መኪናው ላይ መጫን አቃታቸው። ማን ቢያግዛቸው ጥሩ ነው? አባዬ! እንግዳ ናቸው ብለው፣ በዚያ በጎበጠ ጀርባቸው። ወላሂ፣ ሲሄዱም እጃቸውን ዘርግተው መረቋቸው።

እንግዲህ ደስ ይበልህ፣ ክብርህ አልተነካም። ሉባባ ልጆቿን ይዛ ለቀን ሥራ ሲሪንቃ ገብታለች። ሰላም በይልኝ አላለችኝም። ለሚስትህ ሰላም በልልኝ፤ ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ። አባዬ በጣም ሰላም ብለውሃል። ላገኙት ሰው ሁሉ «መጡ እኮ፣ አልቀሩም» ይላሉ። ለአንተም ሊደውሉልህ ነው። ለምን እንደመጡ አንተው ንገራቸው።

እህትህ ሳሚራ
ግራና፣ ሀብሩ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.