ክቡርነትዎ ጫማዎን ያላወለቁበት ክፍል

ለክቡር ፕሬዚዳንት
ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ልጄ ተኝታ እንዳልነበረች ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም በየቀኑ በቴሌቪዥን የምንሰማውን ድምፅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኛ ደህና ነን። ደህና አይደለንም ብንል ማን በራችንን እንደሚያንኳኳ ስለማናውቅ በጣም ደህና ነን።

እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የፈጀሁ ጡረተኛ ነኝ። በታይፕ ጀምሬ በኮምፒዩተር ጨርሻለሁ። የሹመቱንም፣ የዝውውሩንም፣ የማስጠንቀቂያውንም፣ የስንብቱንም ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬያለሁና «በአክብሮት እንገልጻለን» የሚለው ቃል በጀርባው ስንት ስድብ ተሸክሞ እንደሚሄድ አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ላይ አክብሮቱ ቢበዛብዎ አይደንግጡ፤ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«እንቅልፋሟ መምህርት» በሚል ስም ሀገር ያወቃት ሴት ልጄ ናት። ስም ያወጡላት እርስዎ ስለሆኑ የክርስትና አባት ያህል ይቀርቡናል፤ ለዚህም ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ልጄ በመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የትንንሾቹ ክፍል አስተማሪ ነበረች። «ነበረች» ልበል ወይስ «ናት» ልበል፣ እሱን እንኳ የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ክቡርነትዎ ያንን ክፍል በድንገተኛ ጉብኝት በባረኩበት ቀን ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነበር። ከምሳ በኋላ ሕፃናት ይተኛሉ። ይህን ለሀገር መሪ ማስረዳት አሳፋሪ ቢሆንም፣ ሕፃናት እንደ ሠራዊት በትእዛዝ አይተኙም። አስተማሪዋ መሃላቸው ምንጣፉ ላይ ጋደም ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትንፋሿን ረዘም ታደርጋለች፤ ያኔ እነሱም አንድ በአንድ ይከተሏታል። በዚህ ክፍል ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው «ዘበኛዋ» የሚሏት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለች፤ ሁሉም ተኝቶ እሷ በክርኗ ቀና ብላ አስተማሪዋ የምር መተኛቷን ሳትመረምር አታሸልብም። አንዳንዴ የዓይኗን ሽፋን በጣቷ ነካ ታደርጋለች አሉ። ልጄ ከቀኑ ሥራዋ ሁሉ ይህ እንደሚከብዳት፣ መሳቅ እየፈለጉ ሬሳ መምሰል ቀልድ እንዳልሆነ ስትነግረኝ ኖራለች። እርስዎ ሲገቡ እንግዲህ ሥራ ላይ ነበረች፤ ዘበኛዋም ገና አልተኛችም ነበር።

ባለቤቴ፣ ማለትም አባቷ፣ የጉብኝቶችዎ ዋና ተመልካች ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የአውቶቡስ ጣቢያውን ኃላፊ በቀጥታ ሥርጭት ያባረሩ ዕለት ከወንበሩ ተነስቶ «እሰይ! አሁን ሰው አገኘን!» ብሎ ያጨበጨበ፣ እኔን ደግሞ ባለማጨብጨቤ ቀኑን ሙሉ ያኮረፈኝ ሰው ነው። በዚያም ቀን እንደ ልማዱ ሊያጨበጭብ ተነስቶ ነበር። ምንጣፉ ላይ የተጋደመችው ሴት ፊቷን ወደ ካሜራው ስታዞር የገዛ ልጁ ሆነችበት። እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ቀሩ፣ ክቡር ሆይ። አንጀቴን የበላኝ የእሱ እጅ ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጫማዎ። የክፍሉ በር ላይ የጫማ ሥዕል አለ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ታስቦ የተሳለ ነው። ከሥሩ ትንንሽ ጫማዎች ተደርድረዋል። ወላጅ ይሁን፣ ቧንቧ ጠጋኝ ይሁን፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ይሁን፣ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉን የሚረግጥ የለም፤ ልጆቹ ጉንጫቸውን የሚያሳርፉት እዚያው ላይ ነዋ! እርስዎ ግን ከነአጃቢዎችዎ፣ ከነካሜራዎ፣ ከውጭ ካመጡት ጭቃ ጋር ዘው አሉ። ልጄ የእግር ኮቴ ሰምታ ዓይኗን ስትገልጥ አፍንጫዋ ሥር ያገኘችው የእርስዎን ጫማ ነው። እውነቴን ነው፣ የሚያምር ጫማ ነው። እሷም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ቀና ብላ ሳታይ፣ ለማንም ወላጅ እንደምትለው በሹክሹክታ «ጫማዎን ያውልቁልኝ፣ እባክዎ» አለች። ድፍረት አልነበረም፤ አፏ የለመደው ነገር ነው።

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው ቆመው እንደነበር ቀጥታ ሥርጭቱን ያየን ሁሉ እናስታውሳለን። ካሜራ የያዘው ሰውም በልጆቹ ተደስቶ ነበር። ፊትዎ የተለዋወጠው «ጫማ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካሜራው ዞረው «መንግሥት እንዴት እንደሚተኛ ተመልከቱ!» ያሉት፤ ከዚያ በኋላ ነው ጣትዎን ቀስረው «አንቺ፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሥራ የለሽም፣ ውጪ!» ያሏት፤ ልጆቹም ከእንቅልፋቸው ባንነው ቤቱን በለቅሶ ያደበላለቁት። የማታው ዜና ሹክሹክታውን ቆርጦ አወጣና እንቅልፉን ብቻ አስቀረው። እንግዲህ ነገሩን ገልብጬ ገልባብጬ ሳየው ልጄ የምር ተኝታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሥራዋ ላይ ነበረች።

ሁለተኛ፣ ስለ ስንብቱ። ይህ እኔን በሙያዬ የሚነካኝ ስለሆነ ትንሽ ልቆጣ ይፍቀዱልኝ። የመዋዕለ ሕፃናቱን ርዕሰ መምህርት ብንጠይቃት «እኔ አላባረርኳትም» ብላ አለቀሰች። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን፤ ኃላፊው ሻይ ጋበዘንና «እኛም አላባረርናትም፤ ግን ክቡርነታቸው አንዴ ተናግረዋል፣ እንዴት አድርገን እንመልሳት?» አለን። ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ስንቀርብ ደግሞ «የስንብት ደብዳቤውን አምጡ» ተባልን። ከየት እናምጣ? ከአፍዎ? ስለዚህ ልጄ አልተባረረችም፣ ሥራም የላትም፤ ያልተባረረ ሰው ይግባኝ አይልም፣ የተባረረ ሰው ክፍል አይገባም። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ ሁሉ ገጥሞኝ አያውቅም። ካገለገልኳቸው አለቆች መካከል ክፉዎች ነበሩ፤ አንዱማ በቁጣ የስልክ መነጋገሪያ የሚወረውር ነበር። ግን ሰው ሲያባርር ይፈርምበታል፣ ማኅተም ያደርግበታል፣ ምክንያቱን በአንድ መስመርም ቢሆን ይጽፋል። ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ድካም አስቀርተውልናል፤ የወረቀት ቁጠባዎ የሚመሰገን ነው።

ሁለት የሕግ አዋቂዎችም በሬዲዮ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው ፕሬዚዳንት የሕፃናት አስተማሪ የሚያባርርበት ሥልጣን በሕግ አልተሰጠውም አለ። ሁለተኛው ደግሞ አልተከለከለም አለ። ደህና ተከራከሩ። ስለ ልጄ እየተናገሩ መሆኑ ትዝ ሳይላቸው ሰዓቱ አለቀና ዘፈን ተለቀቀ።

ሦስተኛ፣ ስለ ክርክሩ። ወይ አበሳዬ! እርስዎ አንድ ቃል ጥለው ሲሄዱ ሀገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ልጄ ደግሞ እንደ ኳስ ከዚህም ከዚያም ትመታለች። አንደኛው ወገን «ቆራጥ መሪ ማለት እንዲህ ነው፣ ሰነፍ ይጠረግ!» ይላል። የገዛ ወንድሜ፣ አዝሎ ያሳደጋት አጎቷ፣ ቤቴ ተቀምጦ «እሷን እወዳታለሁ፣ ግን ለሀገር ሲባል አንድ ሰው ቢጎዳ ምን ይደረጋል?» አለኝ። ያ አንድ ሰው የእሱ ልጅ ብትሆን ኖሮ ምን እንደሚል ጠየቅሁት፤ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፣ እስካሁን አልተመለሰም። ፀጉር ሠሪዬ ፀጉሬን በእጇ ይዛ «ግን እውነቱን ንገሪኝ፣ ተኝታ ነበር አይደል?» ትለኛለች። ፀጉሬ በእጇ ስለነበር ራሴን እንኳ መነቅነቅ አልቻልኩም።

ሌላው ወገን የባሰ ነው። «አምባገነንነት ይብቃ» በሚል መፈክር ላይ የልጄን ፎቶ ለጠፉት፤ ያስፈቀዳትም የለም። ቀጥለው ቤታችን መጥተው፣ ስብሰባ አዘጋጅተናልና መድረኩ ላይ ፍራሽ ዘርግተንልሽ ትጋደሚያለሽ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል አሏት። ጉድ እኮ ነው! እሷ «እኔ የምፈልገው ክፍሌን ነው» ስትላቸው ፈሪ ብለው ሰድበዋት ሄዱ። ለእርስዎ ከሚያጨበጭበውም፣ በእርስዎ ላይ ከሚጮኸውም፣ ልጆቹ አሁን ከማን ጋር እንደሚተኙ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

አይተኙም፣ ክቡር ሆይ። አራተኛው ቅሬታዬ ይህ ነው። በልጄ ቦታ የተተካችው ወጣት አስተማሪ ምስኪን ናት፤ በእንቅልፍ ሰዓት ቆማ እንድትጠብቅ ስለታዘዘች ግድግዳ ተደግፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ልጆቹም ተጋድመው እሷን ቁልጭ ቁልጭ እያሉ ሲያዩ ይውላሉ። ወላጆች ማታ ማታ ልጆቻቸው እየተነጫነጩ መከራ እንደሚያሳዩአቸው ይናገራሉ። ዘበኛዋ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ጨርሶ አልጋደምም ብላ በር በሩን እያየች ትቀመጣለች አሉ።

ልጄም አትተኛም። ከምሳ በኋላ፣ በዚያው በለመደችው ሰዓት፣ ሶፋው ላይ ትጋደማለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትንፋሿን ረዘም ታደርጋለች። ይህን የምታደርገው እኔና አባቷ እንዳንጨነቅ ብላ ነው። እኔ እናቷ ነኝ፤ ማስመሰሏን አውቃለሁ። ገበያ አትወጣም፣ አውቶቡስ አትሳፈርም፤ አንድ ቀን ተሳፍራ አንዱ ጎረምሳ «እንቅልፋሟ፣ መውረጃሽ እንዳያልፍሽ!» ብሎ ሰውን ሁሉ ካሳቀባት ወዲህ ከቤት አልወጣችም። እዚህ ላይ አክብሮቱ ትንሽ ከበደኝ። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ።

ምን ትፈልጊያለሽ ቢሉኝ፣ ካሳም ሹመትም አልፈልግም። በዚያው በር፣ በዚያው ካሜራ ፊት ተመልሰው «ተኝታ አልነበረችም» ይበሉልኝ፤ ክፍሏንም ይመልሱላት። ሦስት ቃል አይሞላም፤ ከዕለት ንግግርዎ ላይ ተቆርጦ ቢወሰድ ማንም አያስተውለውም። ባለቤቴ አሁን እርስዎ ሲመጡ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፤ ነገር ግን ያን ቀን ከፍቶ እንደሚያይ፣ ስህተቱን ላረመ ሰው ለማጨብጨብ እጁ እንደማያንስ ነግሮኛል። እኔ እንኳ፣ ማጨብጨብ የማልወደው፣ አብሬው እቆማለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር እንዲያስታውሱ እለምናለሁ። እርስዎ እየጮሁ ሳለ በካሜራው ጥግ አንዲት ትንሽ ልጅ በክርኗ ቀና ብላ፣ ወደ እርስዎ እያየች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ» ብላለች። እሱንም ከዜናው ቆርጠውታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ፊት ለፊት ዝም እንዲሉ የነገረችዎት ዜጋ ያቺ ዘበኛ ብቻ ስለሆነች፣ ከአማካሪዎችዎ ተርታ ቢያስቧት ይጠቅምዎታል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ደብዳቤዬን ጸሐፊዎ ካነበበችው ለእሷም የሙያ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ምቹ ወንበርና የማንም ሹክሹክታ የማያቋርጠው ሰላማዊ እንቅልፍ እመኛለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ያልተኛችው መምህርት እናት
(ፊርማ አለው። አስቸጋሪ አይደለም፤ ይሞክሩት።)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ሻዩን ስላልረሳሁ
ለወንድሜ፣ ኮፍያውን እንጂ ጃንጥላውን ይዞ ስላልሄደ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ርዕሰ መምህርቷ እንደነገረችኝ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት አዲስ ጨዋታ ጀምረዋል፤ ስሙን «ፕሬዚዳንት» ብለውታል። አንዱ ይጋደማል፣ ሌላው ገብቶ ጣቱን ቀስሮ «ውጪ!» ይላል። ጨዋታው ግን ሁልጊዜ በጸብ ነው የሚያልቀው፤ ሁሉም ፕሬዚዳንት ልሁን እያለ አስተማሪ ሆኖ የሚጋደም ጠፋ። ምነው ሁላችሁም ፕሬዚዳንት መሆን ወደዳችሁ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ዘበኛዋ ለሁሉም መልሳለች፦ ጫማ የማያወልቀው እሱ ብቻ ነው።