በደብተሩ ያለ፣ በቤቱ የሌለ ስኳር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይ? እኔና እማዬ እግዜር ይመስገን በጤና አለን። ‹‹በጤና›› ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ዝቅ ብለሽ ስታነቢ ራስሽ ታርሚዋለሽ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ሦስቴ አነበብኩት። ‹‹የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ›› ብለሽ ነው የጀመርሽው፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። ከእንግዲህ የወር ብሩን ለጎረቤታችን ለጡረተኛዋ አስተማሪ እንደምትልኪና እሳቸው እየቆነጠሩ እንደሚሰጡን ጽፈሻል። የነገሩሽ እሳቸው መሆናቸውን በዚያው አወቅኩ። አልፈርድባቸውም፤ በጆሯቸው የሰሙትን ነው የነገሩሽ። ከእማዬ ቦርሳ ብር እየወሰድኩ እንደኖርኩ በግቢው ሴቶች ሁሉ ፊት የተናገርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

በስልክ ያላስረዳሁሽ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ነው። እማዬ ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አላረጀም። ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ነው። ወረቀቱ የደንብ ልብስ አንገትጌ የምንቆርጥበት ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ስለ እማዬ ደብተር ላንቺ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ከቤት ከወጣሽ ዘጠኝ ዓመትሽ ነውና ትንሽ ላስታውስሽ። በግራ ቀኑ፣ በመሐል ዕቃው፣ በቀኝ ዋጋው፤ ክብሪት ሳትቀር ትጻፋለች። ወር ሲያልቅ የአባዬ ጡረታ፣ የኔ ደመወዝና ያንቺ ብር ይደመራል፣ ወጪው ይቀነሳል፣ ቦርሳው ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። ከቦርሳው የወጣውና ደብተሩ ያለው መግጠም አለበት። አንድ ጊዜ ሃያ አምስት ሳንቲም ጎደለ ብላ ሁለታችንን በር ላይ አሰልፋ ኪሳችንን የፈተሸችበትን ቀን አትረሺውም። አንቺ ከረሜላውን ዋጥ አደረግሽው፣ እኔ የያዝኩት እጄ ላይ ተገኘና ተገረፍኩ። ያን ቀን ረስቼልሽ አይደለም፣ ይቅር ብዬሽ ነው። ብቻ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕግ ሆነ፤ ደብተሩ ላይ ካለ ተገዝቷል፣ ከሌለ አልተገዛም።

ሂሳቡ አልገጥም ማለት የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ። የገጹን ፎቶ ስልክልሽ ደወልሽና ‹‹በአንድ ወር ስምንት ኪሎ ስኳር? ንብ ነው እንዴ የምታረቡት?›› አልሽኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ቆርቆሮውን ብከፍተው ከታች ሁለት ማንኪያ የማትሞላ ስኳር ነበረች። አራት ሊትር ዘይት ተጽፏል፤ ቤት ያለው ግማሽ ጠርሙስ ነው። ሳሙና አሥራ አንድ ተጽፏል፤ መታጠቢያው ላይ ያለችው እንደ ወረቀት የሳሳች አንዲት ቁራጭ ናት። ይባስ ብሎ ቦርሳውም ደብተሩ ከሚለው በታች ሆነ። እማዬ ከገጹ ግርጌ ‹‹የጎደለ›› ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ወር አሻገረችው። በሕይወቷ ያን ቃል ስትጽፍ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ሱቅ የምትላከው ቀልጣፋ ነበረች። እማዬ ናት ያን ስም ያወጣችላት፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ልብስ የምታጥብልንና እኔ ሥራ ስውል ከእማዬ ጋር የምትውለዋ ሴት። በሁለተኛውም ወር እንደዚያው ሲሆን አንቺ ‹‹ደብተሩ ይዋሻል እንዴ? የሴትየዋ እጅ ነው የረዘመው፤ አሰናብቻት›› አልሽኝ። እኔም አሰናበትኳት። ያውም ቅዳሜ፣ የግቢው የስድስቱም ቤት ሴቶች የጋራ ቧንቧው ጋ ልብስ ሲያጥቡ። አፌን ታውቂዋለሽ፤ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። የልጇን ጫማ ሳይቀር ከኛ ስኳር የተገዛ ነው አልኳት።

አላለቀሰችም። አረፋ የሞላበት እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ‹‹መጀመሪያ ከአልጋው ሥር ያለውን ሳጥን ክፈቺ›› አለችኝ። የአባዬን ሳጥን ማለቷ ነው። እማዬ ከበራችን ሆና ‹‹የባሌን ሳጥን የምታስከፍት እሷ ማን ናት!›› ብላ ጮኸች። እኔ ደግሞ የቀልጣፋን ክንድ ይዤ እስከ ውጭ በር ጎተትኳት።

ሳጥኑን ግን አልከፈትኩም። ለምን እንዳልከፈትኩ ላንቺ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ? ከንዴት አልነበረም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እማዬ ራት ስታቀርብ አራት ሳህን ደረደረች። ‹‹ታላቅሽ ዛሬ ከትምህርት ቤት ቆየች፤ እስኪ ብቅ ብለሽ እያት›› አለችኝ። እየቀለደች ነው ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሁለቱን ሳህን ወደ መደርደሪያው መለስኩና ነገሩን ሆድ ይፍጀው አልኩ። ስለዚህ ቀልጣፋ ሳጥን ስትል ምን እንደምትለኝ ግማሹ ገብቶኝ ነበር። በቤታችን ሌባ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፣ እህቴ። ሌባ ይባረራል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቀልጣፋ ከሄደች ከሁለት ወር በኋላ ነው የነቃሁት። ሱቅ የምትሄደው እማዬ ራሷ ሆና ስኳሩ ዘጠኝ ኪሎ ገባ። አሁን የሚጠረጠር ቢኖር እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። አንድ እሁድ እማዬ አስተማሪዋ ቤት እንዳለች ቁልፉን ከትራሷ ውስጥ አወጣሁና ሳጥኑን ሳብኩት። ክብደቱ ነገረኝ። ከላይ የአባዬ ኮት ታጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ ስኳር፣ ዘይት፣ ሻማ፣ ክብሪት፤ ሳሙናው ግድግዳ እንደሚሠራበት ጡብ ተደርድሯል። ቆጠርኩት፤ አርባ አንድ ነው። ደብተሩ የሚያውቀው ሠላሳውን ብቻ ነው። የቀረውን ገዝታ መጻፉን ትታዋለች ማለት ነው፤ ቦርሳው የጎደለውም በዚያ ነው። ከታች ያለው ስኳር ድንጋይ ሆኖ ጉንዳን ወሮታል።

እንደተንበረከክሁ ገባች። የምትጮህብኝ መስሎኝ ክው አልኩ። አልጮኸችም። አልጋው ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደመወዝ ሊዘገይ ነው አለችኝ። ባሏ ከመሥሪያ ቤት ሰምቶ እንደነገራት፣ የዘንድሮው ሦስት ወር እንደሚቆይ። አባዬ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ እጄን ያዘችና ‹‹ልጆቹ እንዳይሰሙ አደራሽን፤ ፈሪዎች ናቸው፣ በተለይ ትንሿ›› አለችኝ።

እሺ፣ አልነግራቸውም አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ቆየት ብላ ደግሞ ደህናዋ እማዬ ሆነችና ዛሬ ለምን ምሳ አልበላሽም ብላ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ቀልጣፋን ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሰሃን ስታጥብ አገኘኋት። እኛ ሌባ ካልናት በኋላ ሰፈሩ ውስጥ የምትሠራባቸው ሦስቱም ቤቶች በር ዘግተውባት ነበር። የሆነውን ስነግራት አልደነገጠችም። እማዬ ዕቃውን ሳጥኑ ውስጥ ስታስገባ አይታ ነበር፤ ለማንም እንዳትናገር አስምላታለች። ቧንቧው ጋ እስካዋርዳት ድረስ መሐላዋን ጠብቃ ነበር ማለት ነው። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በእርጥብ እጇ ያዘችኝ። የሦስት ወር ደመወዟን እከፍላለሁ አልኳት። ‹‹ብሩን ስታገኚ ትሰጪኛለሽ። ስሜን የወሰድሽብኝ በዚያ ግቢ ነው፤ እዚያው መልሽልኝ›› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ልጇም በዚያው ሰፈር ነው ትምህርት ቤት የምትመላለሰው።

እንግዲህ አስቢው። የሷን ስም ለመመለስ ስኳሩ የት እንደነበረ መናገር አለብኝ። የግቢውን የውሃ ቢል ለስድስቱ ቤት የምታካፍለው ዛሬም እማዬ ናት። ቢሉ የሚመጣ ቀን ጸጉሯን አበጥራ፣ መነጽሯን ጠርጋ ትጠብቃለች። ሴቶቹ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ‹‹የኔ ስንት ደረሰ?›› ይሏታል። አስተማሪዋ ሳይቀሩ። ከዚያ ቀን በቀር ያን ያህል ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አላያትም። አራት ወር ሆኖኛል፣ እሷ ከመናገሯ በፊት በድብቅ ደምሬ ስትሳሳት በጨዋታ መልክ አስተካክላለሁ። ቢሰሙ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ‹‹ከእንግዲህ ይረፉ›› ብለው የውሃ ቢሉን ከእጇ ይወስዱታል። ከዚያ በኋላ ምን ይዛ ትቀመጣለች?

ቀልጣፋ ሌባ አይደለችም፤ እማዬም ምንም አልሆነችም። እንዲህ ከሆነ የሚተርፈው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቀልጣፋን ይዤ ገባሁና ቧንቧው ጋ ቆምኩ። ከቦርሳው ብሩንም፣ ከቤት ዕቃውንም የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ደብቄ ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ እሷ ንጹሕ ናት አልኩ። ቧንቧውን የሚዘጋው ጠፍቶ ውሃው ይፈሳል። አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱኝ። አንዷ ‹‹ድሮም ዓይኗ አያምረኝም ነበር›› ስትል ሰማሁ፤ ዓይኔን በተመለከተ ልትሳሳት ትችላለች። ቀልጣፋ አፏን ልትከፍት ስትል ራሴን ነቀነቅኩባት። ሄዳ ቧንቧውን ዘጋችው። ሰኞ ሥራዋን ጀመረች፤ ሁለቱ ቤቶችም መልሰው ጠርተዋታል። እኔን ሰላም የሚለኝ የለም። አስተማሪዋ በአጠገባቸው ሳልፍ ቦርሳቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ብሩን ለፈለግሽው ላኪ፤ በአስተማሪዋ እጅ ቢመጣም አልቀየምም። የቀልጣፋን የሦስት ወር ግን ጨምሪበት። ለኔ ብለሽ ጥብቅና አትቁሚ፣ ለማንም አንዳች አትናገሪ። እማዬ ወር ሲያልቅ በስልክ ሂሳቡን ስታነብልሽ እንደ ዱሮው ‹‹ጎበዝ›› በያት። ሳጥኑን አታስቢ፤ እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ታስገባለች፣ ሳሙና ከሆነ እስከ ዓመት አንገዛም። ደግሞም ነይ። ሐኪም ጋ መሄድ አለብን፤ እሱን እኔ ብቻዬን አልችለውም፣ በብርም በልብም። ስትመጪ ቀልጣፋን ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ። ክንዷን የጎተትኩት እኔ ብሆንም ‹‹ደብተሩ ይዋሻል እንዴ›› ያልሽው አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ቅዳሜ እማዬ በራችን ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አራት ቀን አላናገረችኝም። ብትረግመኝም እችለዋለሁ ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ከትናንት ወዲያ ወሩ አለቀና ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ‹‹ሲቸግርሽ ለምን አትነግሪኝም? ሌላ እናት አለሽ?›› አለችኝ። ከዚያ ደብተሩን ወደኔ አዞረችው። ከገጹ ግርጌ፣ ‹‹የጎደለ›› ይባል በነበረበት ቦታ፣ በዚያ ቀጥ ባለው እጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ለትንሿ ልጄ፤ ሳትጠይቅ የወሰደችው። ሰጥቻታለሁ።›› ከጎኑ የአምስቱን ወር ጉድለት በሙሉ አስገብታዋለች። ቦርሳውን ገልብጣ ሁለት ጊዜ ቆጠረችና ፈገግ አለች። ገጠመ። ከአምስት ወር በኋላ ሂሳቧ ሳንቲም ሳይዛነፍ ገጠመ። ማልቀሴን ስታይ የጸጸት መስሏት፣ በሻርፗ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች ‹‹በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አልኩ እኮ›› ትለኛለች።

የምሳ ሰዓት አለቀ፣ ተቆጣጣሪው እያየኝ ነው። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለባልሽ ጤና፣ ለእጅሽ በረከት ይስጥልሽ። መንገዱን አቅንቶ ቶሎ ያምጣሽ፤ እማዬ ስምሽን ጠርታ በር ስትከፍትልሽ ለመድረስ ያብቃሽ።

ሌባዋ ታናሽ እህትሽ