ዘይት ስላልተገኘባት እጇ ስለተሰበረባት ፈንዲሻ ሻጭ

ለክቡር የጤናማ መክሰስ ዘመቻ አስተባባሪ
ሰመራ

ክቡርነትዎ፣ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ሙቀቱ እንዳይጎዳዎ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተር እንዳይቆምብዎ፣ ደምዎም ስኳርዎም ልኩን እንዳይስት ከልብ እመኛለሁ። እኛ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰዎች፣ ከጥቂት አጥንትና ጥርስ በቀር፣ ደህና ነን።

ፈንዲሻ በሚረጋ ዘይትና በስኳር እየተለወሰ ሕዝቡን ያሳምማል ብለው መዝመትዎን ስንሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። ቅሬታዬ አፈጻጸሙ ላይ ነው።

፩. ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ደንብ አስከባሪዎችዎ አውቶቡሶች ለምሳ ወደሚቆሙበት ቦታ መጥተው የሻጮቹን ዘይት ሁሉ ደፉ። ትእዛዝዎ ነው፣ እሺ። ከዚያ ኑርሀያት ዘንድ ደረሱ። ይህች የወሎ ልጅ ፈንዲሻዋን የምታፈነዳው በጋለ ብረት ድስት፣ በደረቁ፣ ሳታቋርጥ እየወዘወዘች ነው፤ ጨው በውሃ በጥብጣ በጣቷ ትረጭበታለች፤ ሌላ ምንም የለውም። ክቡርነትዎ በወረቀት ያዘዙትን እሷ ዘጠኝ ዓመት ያለ ወረቀት ስትሠራው ኖራለች።

፪. ጥፋቷም ይኸው ሆነ። የሌሎቹ ዘይት ስለተገኘ ፈሰሰ፤ የእሷ ስላልተገኘ ተደብቋል ተባለ። አንደኛው «ዘይቱን የት ቀበርሽው?» ቢላት «ወላሂ ዘይት የለኝም ወንድሜ፤ ቅመሰውና እይ» አለችው። መቅመስ በመመሪያዎ ውስጥ የለም መሰለኝ፣ በቆመጥ የቀኝ እጇን አንጓ መታት። የጋለውን ድስት በእርግጫ ሲለው በቆሎው ጭኗ ላይ ተንጣጣ፤ ከወደቀች በኋላም ጎኗን እየተፈራረቁ ረገጧት። ጎረቤቷ ሰርክአዲስ «ዘይቱን ከአጥንቷ ልትጨምቁት ነው?» ብላ መሀል ብትገባ ሁለት ጥርሷ ረገፈ።

፫. ሐኪሙ አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ እንደ ድሮው መጨበጧም ያጠራጥራል ብሏል። በደረቁ የሚፈነዳ ፈንዲሻ ደግሞ ካልተወዘወዘ ያራል። ዘይት የተደፋባቸው በማግስቱ አዲስ ዘይት ይዘው ተመልሰዋል፤ ያልተመለሰችው ዘይት የሌላት ብቻ ናት። ለዚህ ውጤትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም።

፬. ሪፖርትዎ «ግለሰቧ በራሷ ዘይት ተንሸራታ ወድቃለች» ስለሚል ፖሊስ ክሷን አልቀበልም ብሏታል። ክቡርነትዎ፣ የምንለምንዎ ይህችን አንዲት መስመር እንዲያርሙልን ነው። የመታት ሰው ዳኛ ፊት የሚቆመው ይህ ሲታረም ብቻ ነው፤ የአጥንቱን ነገር ለሐኪሙና ለአላህ ትተነዋል።

እግርዎን ልስም ብጎነበስ ደስ ባለኝ፣ ዳሩ እርግጫ ስለምፈራ ከሩቁ እጅ የምነሳዎ፣ ሁለቱም እጆቿ ገና ያልተሰበሩባት ታዛዥዎ፣
አምለሰት ወልደገብርኤል
አዋሽ ሰባት ኪሎ

ማሳሰቢያ፦ ቆመጥ ያነሳው ሠራተኛዎ እናት፣ እማማ አስረሳሽ፣ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ሐኪም ጣፋጩን ሁሉ ከከለከላቸው ወዲህ መክሰሳቸው የኑርሀያት ፈንዲሻ ነበር። ትናንት ልጃቸውን «ከዚያች ከደጓ ልጅ አምጣልኝ» ብለው ልከውት ባዶ እጁን ተመልሷል። ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጨንቆታል አሉ፤ እርስዎ ሪፖርት መጻፍ ይችሉበታልና ቢያግዙት።