መጋቢው ያውቅ ነበር

ጥር 3፣ እሑድ
ከአምልኮ ተመለስኩ። ሰፈራችን ካሳራኒ ዛሬም ውሃ የለም። በተረፈችው ጀሪካን የሥራ ሸሚዞቼን ብቻ አጠብኩ። መጋቢ አድነው ስለ መታዘዝ ሰበከ... ሁልጊዜ ስለ መታዘዝ። ታናሽ ወንድሙ መዝሙር መራ። ድምፁ ያምራል፣ አይካድም። የወንድሙ ሚስት ሚዛን ከኋላ ተቀምጣለች፤ በዚህ ሙቀት እጅጌ ሙሉ ለብሳ። "አሞሽ ነው?" ብላት "ብርድ ብርድ ይለኛል" አለች።

ጥር 7፣ ሐሙስ
ዌስትላንድስ ካለው ሥራዬ እስክመጣ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ደክሞኝ ሞቻለሁ። ሚዛን በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። አስገባኋት። እጅጌዋን ሰበሰበችው... የባሏ ጣቶች ምልክት እስካሁን ክንዷ ላይ አለ።
"ለማን ነገርሽ?"
"ለመጋቢ።"
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ካገባሁ ጀምሮ።"
ምን አላት? ታገሺ። ጸልዪ። የወንድሜን አገልግሎት እንዳታሰናክዪ። እዚህ እደሪ ብላት እምቢ አለች። እንደገና ሊመክረው ቃል ገብቶላታል። ተመለሰች።

ጥር 10፣ እሑድ
ትናንት ባሏ ክንዷን ሰበረው። ሆስፒታል ጄሶ ሲያደርጉላት ነርሷ በስዋሂሊ "ፖሌ፣ ፖሌ"፣ አይዞሽ፣ እያለች ፀጉሯን ትዳብሳለች። የማታውቃት ሴት። አሁን እኔ ቤት ተኝታለች።
እሱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት መዝሙር መራ። መጋቢው ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆ ምን ሰበከ? እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጅ ማንሳት ኃጢአት ነው ብሎ። ዳዊት ሳኦልን አልገደለውም... እሺ። ናታን ዳዊት ፊት ቆሞ ጥፋቱን ሲነግረውስ? ያን ምዕራፍ ምነው ዘለለው?

ጥር 12፣ ማክሰኞ
የካህኑን የዔሊን ታሪክ አንብቤ መጽሐፉን ገፋሁት። ልጆቹ የሚሠሩትን ያውቅ ነበር። ተቆጣቸውም። ከመቅደሱ ግን አላስወጣቸውም። ቤቱ የጠፋው በዚህ አይደል? አውቆ ባለመከልከሉ።
በእግዚአብሔርም ተናድጃለሁ። ልጻፈው። ሳኦልን ከናቀው በኋላ ስንት ዓመት ዙፋን ላይ ተወው? በዚያ መሀል ሳኦል ኖብ ላይ ያሳረዳቸው ካህናት ምን በደሉ? ፍርድህ እውነት ነው፣ መዘግየቱ ግን ለማን ብለህ ነው? ጮክ ብዬ ነው የጸለይኩት። ሚዛን ከሶፋው ላይ ሰማችኝ መሰለኝ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ
ፓርክላንድስ፣ መጋቢው ቤት ሄድኩ። ሻይ አቀረበ። አልጠጣሁም።
"እህት ጽጌረዳ፣ ፍርድ የጌታ ነው። እሱ ይፍረድ።"
"ሲፈርድ እኮ ያስነግራል። ለዔሊ በማን አስነገረው? ቤቱ ባሳደገው ልጅ።"
ሻዩን ወደ እኔ እያስጠጋ "የቤተ ክርስቲያኗ ስም..." ጀመረ። ስም። የእሷ ክንድስ? ወጥቼ ሄድኩ። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ንዴት ነው... ወይስ ፈርቼ?
ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ለጋሽ ብርሃነመስቀል ደወልኩ። "ልጄ፣ ገመና ነው። በቀስታ እንያዘው" አሉኝ። እሳቸውም።

ጥር 24፣ እሑድ
ጉባኤው ፊት ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ሚዛን ቀደመችኝ።
ማስታወቂያ ሲነገር ተነሳች። ጄሶውን በሻርፕ አልሸፈነችውም። "ይሄን ያደረገው ባሌ ነው። መጋቢ ያውቅ ነበር፤ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።" ይችን ብቻ ብላ ተቀመጠች። ባሏ ማይኩን አስቀምጦ ወጣ።
መጋቢው "ይህ ቦታው አይደለም" አለ።
ጋሽ ብርሃነመስቀል ወንበር ተደግፈው ቆሙ። "ታዲያ ቦታው የት ነው፣ አድነው? እኔም ሰምቼ በቀስታ ብያለሁ። አሁን ግን ከዚያ ውረድ።"
ወረደ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ
ሽማግሌዎቹ አድነውን ከመጋቢነት አነሱት። ወንድሙን ፖሊስ ይዞታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የግድ ክንድ መሰበር ነበረበት?

የካቲት 8፣ እሑድ
አዲስ መጋቢ እስኪመረጥ ጋሽ ብርሃነመስቀል ይመራሉ። መድረኩ ላይ ሳይወጡ፣ በሰው መሀል ቆመው ሚዛንን ይቅርታ ጠየቁ። ብዙ ሰው አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም።
"ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ግን ሴት ተመትታ ስትመጣ ለእኔ ትንገረኝ። ከዚያ እኔ ለእናንተ እነግራለሁ። ታገሺ የሚላት ሰው አይኑር።"
ቁጥሯን እዚያው ለጉባኤው ተናገረች።

የካቲት 22፣ እሑድ
ጋሽ ብርሃነመስቀል እየሰበኩ የሚዛን ስልክ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። አነሳችው።
"የት ነሽ? ከቤት ወጥተሻል? በቃ፣ ስቴጁ ጋ፣ ማታቱ መቆሚያው ላይ ጠብቂኝ። መጣሁ።"
ብድግ አለች። ጋሽ ብርሃነመስቀል ስብከታቸውን አቁመው ወደ እኔ አዩ። "ጽጌረዳ፣ ብቻዋን አትሂድ።"
ቦርሳዬን አንስቼ ተከተልኳት። በመቀመጫዎቹ መሀል ስናልፍ ሰው እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀልን። በሩን እስክንወጣ ድረስ ስብከቱ አልቀጠለም።