ኮምፒውተሩን የቧንቧ ውሃ ላጠጣው

የአክስቴ ልጅ፣

ኮምፒውተሩን እንዳታበራው። በጣትህም እንዳትነካው!

የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚዞርባቸውን ቱቦዎች ዛሬ ጠዋት ፈታኋቸው። ውስጣቸው አረንጓዴ ዝቃጭ ሞልቶታል። ለካ ፓምፑ ታንቆ ነው እየጋለ ድርግም የሚልብኝ! የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመርበት ብዬህ አልነበረም? የኩሽናውን ጆግ ከጀርባው አገኘሁት። አበባ መሰለህ እንዴ?

ቱቦዎቹን ባልዲው ውስጥ ዘፍዝፌያቸዋለሁ፤ እንዳትደፋቸው። ልብስህን ሌላ ቀን እጠብ።

ውሃውስ ይሁን፣ አላወቅክም እንበል። ትናንት ግን ባለፈው ኮምፒውተሩን የጠገነልኝ ባለሙያ ጋ ደውዬ «አበላሽተህብኝ ነው የሄድከው» እያልኩ አፌ እንዳመጣልኝ ስናገረው፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ዳቦህን እያላመጥክ «ልክ ልኩን ንገረው!» አልከኝ። ሰውዬው እኮ «እሺ፣ አምጣውና ልየው» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ይቅርታ ልጠይቀው ሱቁ ሄጃለሁ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ታውቀዋለህ። ውሃውን ማን እንደጨመረው ከጠየቀኝ ስምህን አልጠራም። «በእግሩ እየመጣ ነው» እለዋለሁ።

ጫማህን አድርግ።