ከልጆች መስመር እንድተኩስ ለፈረዱብኝ ሊቀ መንበር

ለተከበሩ አቶ አርቮ ሄይኪነን
የቤት ውስጥ ቀስት ክበባችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በረዶው በር አላስከፍት ባለበት በዚህ ወቅት እርስዎና ባለቤትዎ ወይዘሮ ሴንያ እንዴት ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ለወገብዎ ብርታትን፣ ለመኪናዎ ባትሪም ረጅም ዕድሜን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሳውናዬ እስከሞቀና ሐሙስ እስከመጣ ድረስ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት በአንድ ሰው ብቻ ተነብቦ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። እርስዎም ሰኞ ዕለት ማስታወቂያዎን የለጠፉት እዚሁ በር ላይ ነበር። ማስታወቂያው፣ የማየት ችሎታቸው የደከመ አባላት ለደህንነት ሲባል ከልጆች መስመር ብቻ እንዲተኩሱና በብርድ ወራቱ ውድድር እንዳይሰለፉ ያዛል። ስም ባለመጥቀስ ላሳዩኝ ጨዋነት አመሰግናለሁ። ይሁንና በክበባችን ውስጥ ዐይኗ እንደደከመ በይፋ የተናገረች አንዲት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ብቻ ስላለች፣ ነገሩ እኔን ይመለከታል ብዬ ጠርጥሬአለሁ። መጠርጠር ከጀመርኩ ደግሞ ማቆም ስለሚቸግረኝ፣ የቀሩትንም በተራ ቁጥር አቅርቤአለሁ።

አንደኛ፤ መብራቱን በተመለከተ። ከገና በኋላ ከጣሪያው መብራቶች ግማሹ የኤሌክትሪክ ወጪ ለመቆጠብ በሚል በትእዛዝዎ ጠፍተዋል። ለክበቡ ካዝና ማሰብዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን ማሞቂያው ባዶ አዳራሽ ሲያሞቅ እያደረ፣ ቁጠባው በእኔ ኢላማ አናት ላይ ካለው አምፖል የጀመረበት ምክንያት እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ሁለተኛ፤ የእኔ አተኳኮስ ለሰው ደህንነት ያሰጋል ስለመባሉ። ከመስመሩ ላይ ቆሜ ክቦቹን ለያይቼ እንደማላይ እውነት ነው። የማየው በቀይ የተከበበ ቢጫ ነገር ሲሆን፣ እሱም ድስት ላይ እንደፈሰሰ የእንቁላል አስኳል ዳርቻ የለውም። ቢሆንም ዳርቻው ምን ያደርግልኛል? ቀስቴ ላይ ያለውን የማነጣጠሪያ ቀለበት ጥርት አድርጌ አየዋለሁ፤ ቢጫውን መሀሉ አስገብቼ ፍላጻውን እለቀዋለሁ። በመነጽሬ የግራ መስታወት ላይ ፕላስተር የለጠፍኩት ሁለት ቀለበት እንዳይታየኝ ነው እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚያወሩት ለመታዘን አይደለም። የት እንዳረፈ ደግሞ የመስመር ጎረቤቴ ሩዲ ፓቭሊች በሩቅ ማያ መነጽሩ እያየ ይነግረኛል፤ «ሄልሚ፣ ዝቅ በይ እንጂ፣ ጣሪያውን ልትበሺው ነው እንዴ?» ይለኛል፤ ዝቅ እላለሁ። ባለፈው ወር በነጥብ ከእርስዎ በላይ መሆኔን የጠቀስኩት እንዲሁ ጨዋታ አንስቶኝ ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ሦስት ተኩሰን፣ ፊሽካው ተነፍቶ ወደ ኢላማዎቹ ስንሄድ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል በሚቆመው በሩዲ ኢላማ ላይ አራት ፍላጻ ተገኘ። በክበባችን ነጥብ ሳይጻፍ ፍላጻ መንካት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አምና አንድ እንግዳ ጣቱን ስላስጠጋ ብቻ ሰውዬው መግቢያው እስኪጠፋው የገሠጹት እርስዎ ነዎት። ያን ዕለት ግን ሁላችንንም ቀድመው ደርሰው አራተኛውን ነቀሉና ወደራስዎ ኮሮጆ ከተቱት። ከዚያም «ሄልሚ፣ ዐይንሽ ጎረቤት መዞር ጀመረ መሰለኝ!» አሉኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ሦስቱም በራሴ ኢላማ ላይ ተሰክተው ሲገኙ ደግሞ «እንግዲያው አራት ተኩሰሻላ! መቁጠርም ተሳነሽ?» አሉ። ሩዲ «ኧረ አርቮ፣ እስቲ ፍላጻዋን አሳየን» ቢልዎት፣ «ተወኝ ባክህ፣ ፓስቲው ይቀዘቅዛል» ብለው ወደ ምግቡ ሄዱ።

በእርስዎ ኢላማ ላይ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ነጥሮ ወድቋል ተብሎ ተመዘገበ። እኔም ለክበቡ ንብረት ተቆርቁሬ ወለሉን በባትሪ ፈለግሁ፤ ምንም አልነበረም። እያንዳንዱ ፍላጻ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት በመሆኑ፣ ያ ፍላጻ የእኔ ከሆነ እንዲመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቦታዬን ለወንድምዎ ልጅ ፈልገውት ነው ብዬ ነበር። ልጁን አግኝቼ ብጠይቀው ቀስት እንደሚሰለቸው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ሁሉ ማስተዋል የጀመርኩት። ጣሪያ ስር ሆነው ቆብዎን እስከ ቅንድብዎ ይደፋሉ። የአምፖል ብርሃን ዐይንዎ ላይ ሲያርፍ ፊትዎ ይኮማተራል። ነጥብ ሲጻፍ «ሩዲ፣ አንተ ጥራልኝ፣ መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ» ይላሉ፤ ይህ መነጽር ከኅዳር ጀምሮ ከመኪናው አልወረደም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም የዓይን ሞራ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት ኖሯልና አካሄዱን አውቀዋለሁ።

አቶ አርቮ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ያለ ምጸት እጽፈዋለሁ። የእናቴ ሞራ በአንድ ጠዋት ተገፎ፣ ማታውን መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ አይቻለሁ። የእኔ ሕመም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ሐኪሜ ለከርሞ ቢጫውንም ላላየው እንደምችል ነግራኛለች። ፈርቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። በዚህ በር ላይ የምጽፈውም ወድጄ አይደለም። እርስዎ ሐኪም ቤት መሄድ ስላሳፈረዎት ብቻ የቀሩኝን ሐሙሶች ለእርስዎ መሸሸጊያ አላደርግም።

ስለሆነም በመጪው ሐሙስ በራሴ ቦታ ቆሜ እተኩሳለሁ። ሊያስወጡኝ ከወደዱ፣ አጠገቤ ቆመው በኢላማዬ ላይ የተሰካውን ፍላጻ የላባ ቀለም ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ ቀስቴን አንግቤ ያለ አንዳች ቃል ወደ ልጆቹ መስመር እሄዳለሁ።

ለደህንነቴ ስላሳዩት ጭንቀት፣ ስለ ጨለማውም፣ በሰው ፊት ስላስገኙልኝ ሳቅም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ዘወትር አክባሪዎ፣ ሩዲ በመካከላችን ባይቆም ኖሮ የኢላማ ጎረቤትዎ ትባል የነበረች
ሄልሚ ኒስካ

ማስታወሻ፤ ይህን ሁሉ በወፍራም ቀለምና በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ለእርስዎ አስቤ ነው። እንዲያም ሆኖ ሌላ ሰው እያነበበልዎት ከሆነ፣ አንባቢዋ ማን እንደሆነች አውቃለሁና አንድ ቃል ለእሷ ይፈቀድልኝ፦ ሴንዬ፣ እባክሽ ኮሮጆውን ፈትሺና ፍላጻው ላይ የማን ስም እንዳለ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።